ብረት፣ መስታወትና ብሎን፦ ስለ ድሮ የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃዎችና መነጽሮቻቸው

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከአንድ እንጨት ልጀምር። ፎቶው ላይ የምታዩት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ ጠመንጃ ሰደፍ ነው። እጅ የሚጨብጠውን ቀጭን ቦታ ተመልከቱት። ከላይ በኩል ቁጥር ተመትቶበታል። ብዙ ሰው የጠመንጃው መለያ ቁጥር ይመስለዋል። አይደለም፤ የመነጽሩ ቁጥር ነው። ይህ ጠመንጃ ላይ የሚገጠመው የማነጣጠሪያ መነጽር የራሱ ቁጥር አለው። ያ ቁጥር እንጨቱ ላይ ተመታ። የጠመንጃው ቁጥር ደግሞ በተራው መነጽሩን በሚይዘው ብረት ላይ ተጻፈ። አንዱ የሌላውን ስም ይዞ ይዞራል። ቀለበት የተለዋወጡ ባልና ሚስት ይመስሉኛል።

ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ? የዚህን ጠመንጃ መነጽር አውጥታችሁ ሌላው ላይ ብትገጥሙት ጥይቱ ዒላማውን ስለሚስት ነው። ሁለቱ ጠመንጃዎች ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ቀን ቢወጡም ይስታል።

ስለ ስናይፐር፣ ማለትም ስለ አልሞ ተኳሽ፣ ሲወራ ጨዋታው ቶሎ ወደ ቁጥር ይሄዳል። እገሌ ስንት ሰው ጣለ? እገሊትስ? እኔን ግን ለብዙ ዓመት የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ጥሩ ጠመንጃ ድሮም ነበረ። ጥሩ መስታወትም ነበረ። ጦር ሠራዊቶችን መቶ ዓመት ያህል ያስቸገራቸው እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ አጥብቆ ማቆየት ነው። ጭቃ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር ይረግጣል። በዚህ ሁሉ መሀል መነጽሩ ከቦታው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለዚያ ነው። በብረቱና በመስታወቱ መካከል ስላለው ነገር።

ነገሩ ምን ያህል ስስ እንደሆነ አንድ ሒሳብ ያሳያችኋል። መነጽሩ በሁለት ቦታ ታስሯል እንበል። በሁለቱ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር አለ። አሁን የኋላው ማሰሪያ በአንድ ወረቀት ውፍረት፣ ማለትም በአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ቢንቀሳቀስ ምን ይሆናል? በ100 ሜትር ላይ ጥይቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይስታል። በ400 ሜትር ላይ 40 ሴንቲ ሜትር። የሰው ትከሻ ስፋት ማለት ነው። አንድ ወረቀት! ተኳሹ ትንፋሹን ይዞ፣ ምላጩን በስሱ ስቦ፣ ሁሉን ነገር ትክክል አድርጎ ሳለ አንዲት የላላች ብሎን ልፋቱን ገደል ትከተዋለች። ከዚያ የሚመጣው ደግሞ ይብሳል፤ የሳተው ተኩስ ያለበትን ቦታ ለጠላት ነግሮበታል።

መነጽር ጠመንጃ ላይ ማሰር አዲስ ሐሳብ አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በ1860ዎቹ፣ ሁለቱም ወገኖች ሞክረውታል። በሰሜኖች በኩል አንዳንዶቹ ከቤታቸው ያመጧቸው የዒላማ ውድድር ጠመንጃዎች ነበሩ። መነጽራቸው ቀጭን ቱቦ ሆኖ የአፈሙዙን ያህል ይረዝማል። ጠመንጃው እስከ 14 ኪሎ የሚመዝንበት ጊዜም ነበር። ይህንን ተሸክሞ መሮጥ የማይታሰብ ነው። ደቡቦቹ ጥቂት የእንግሊዝ ዊትወርዝ ጠመንጃዎችን አስገቡ። የእነዚህ አፈሙዝ ውስጡ ክብ ሳይሆን ባለ ስድስት ጎን ነው። አንዳንዶቹ ላይ መነጽሩ ከላይ ሳይሆን በግራ ጎን ተለጥፏል። ይህን "በግራ ጎን" የሚለውን ያዙልኝ፤ ደጋግመን እንመለስበታለን።

ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ከመግባቴ በፊት አንድ ጊዜ በመነጽሩ ውስጥ አብረን እንይ።

ብዙ ሰው የመነጽር ጥቅም ማጉላት ብቻ ይመስለዋል። የድሮዎቹን ቁጥር ስትሰሙ ትገረማላችሁ። ፒዩ የሚባለው የሶቪየት መነጽር 3.5 ጊዜ ብቻ ያጎላል። የጃፓኑ 2.5። የአሜሪካ ጦር በሁለተኛው ጦርነት የያዘው እንዲያውም 2.2። የዛሬ የአደን መነጽር ከዚህ እጥፍ በላይ ያጎላል። ታዲያ ምን ጠቀማቸው? ብርሃን። ፒዩ ፊቱ ያለው ሌንስ ስፋቱ 21 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ለ3.5 ስታካፍሉት 6 ይመጣል። ከኋላ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የሰው ዓይን ብሌን በጨለማ ሲከፈት ደግሞ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ መነጽሩ ዓይን መቀበል የሚችለውን ያህል ብርሃን ያቀርብለታል። ይኸው መስታወት 8 ጊዜ እንዲያጎላ ቢደረግ ኖሮ ክቡ ከ3 ሚሊ ሜትር ያንስ ነበር። ምስሉ ትልቅ ይሆናል፤ ግን ይጨልማል።

ሁለተኛው ጥቅም ለዓይን እረፍት ነው። በተራ የብረት ማነጣጠሪያ ስታልሙ ዓይናችሁ ሦስት ነገር አንድ ላይ ማየት አለበት፤ የኋላውን ቀዳዳ፣ የፊቱን ጉጥ፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው። ሦስቱን እኩል አጥርቶ ማየት የሚችል ዓይን የለም። መነጽር ግን ምልክቱንና ዒላማውን አንድ ገጽ ላይ ያመጣቸዋል። ዓይን አንድ ነገር ብቻ ያያል።

እንግዲህ 1914 ገባ። ጀርመኖች እዚህ ላይ ቀድመው ነበር። ምክንያቱ ሌላ አይደለም። አገሩ የአዳኞች አገር ነው፤ የመስታወት ሠሪዎችም አገር ነው። የና ላይ ዛይስ አለ፣ በርሊን ላይ ጎርዝ፣ ብራውንሽቫይክ ላይ ፎግትሌንደር። ሚዳቋ የሚያድን ሰው ቤቱ ውስጥ ባለ መነጽር ጠመንጃ ማስቀመጡ የተለመደ ነገር ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር እነዚህ የአደን ጠመንጃዎች ተሰብስበው ወደ ግንባር ሄዱ። ችግሩም አብሯቸው ሄደ። ብዙዎቹ አዲሱን ሾጣጣ የጦር ጥይት መተኮስ አይችሉም፤ አፈሙዛቸው የተሠራው ለድሮው ጥይት ነው። ስለዚህ "ለ88ቱ ጥይት ብቻ" የሚል ማስጠንቀቂያ ተደረገባቸው። ምሽግ ውስጥ በጨለማ ጥይት የሚያድል ወታደር ይህን እንዳይሳሳት ማሰብ በራሱ ጭንቅ ነው። ቆይቶ ጦሩ ራሱ መርጦ ባወጣቸው ጌቬር 98 ጠመንጃዎች ላይ መነጽር መግጠም ጀመረ። የማቀባበያው እጀታ መነጽሩን እንዳይነካ ወደ ታች ታጠፈ። ማያያዣዎቹ በእጅ እየተሞረዱ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ለብቻው ነበር የሚገጠሙት።

እንግሊዞች ባዶ እጃቸውን ነበሩ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የያዙት ቱቦ እንኳ የሌለው ነገር ነው። አንድ ሌንስ ፊት፣ አንድ ትንሽ ሌንስ ኋላ፤ መሀሉ ክፍት አየር። ዝናብ ሲመጣ ሁለቱም ይረጥባሉ። የሚታየው ሜዳ ደግሞ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ጠባብ ነው። ቀጥሎ እውነተኛ መነጽሮች መጡ፤ አልዲስና ፔሪስኮፒክ ፕሪዝም የሚባሉት። ግን የት ተሰቀሉ? በግራ ጎን!

ጦር ሚኒስቴሩ ጠመንጃው አምስት አምስት ጥይት በያዘ ክሊፕ ከላይ መጉረሱን እንዲተው አልፈለገም። ከላይ መነጽር ካለ ክሊፑ አይገባም። ስለዚህ መነጽሩን ወደ ጎን ገፉት። ወረቀት ላይ ብልህ መፍትሔ ይመስላል። ምሽግ ውስጥ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ተኳሹ ጉንጩን ሰደፉ ላይ ማሳረፍ አይችልም፤ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ይንጠለጠላል። ከዚያ ደግሞ የሚተኩሰው በብረት ጋሻ ላይ በተበሳች ጠባብ ቀዳዳ ነው። አፈሙዙ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ መነጽሩ የሚያየው የጋሻውን ብረት ነው። መነጽሩ እንዲያይ ሲደረግ አፈሙዙ ከብረቱ ጋር ይጋጫል። እስቲ አስቡት፤ አልሞ ተኳሹ ሥራው ሁሉ በቀዳዳ ውስጥ ሆኖ ሳለ በቀዳዳ የማይተኩስ ጠመንጃ ተሰጠው።

ይህን ጮክ ብሎ ከተናገሩት አንዱ ሄስኬት ፕሪቻርድ ነው። አዳኝ፣ ተጓዥ፣ የታወቀ የክሪኬት ተጫዋች ነበር። በ1915 ፈረንሳይ ግንባር ሲደርስ ያሳሰበው የመነጽሩ ማነስ ብቻ አልነበረም። ያሉትም አይሠሩም። እየዞረ ሲፈትሻቸው ብዙዎቹ ከመስመር ወጥተው አገኛቸው። ወታደሩ ይህን ነገር ማንም አላስተማረውም። ሲጋጭ ምን እንደሚሆን፣ ብሎኑ ሲላላ እንዴት እንደሚታወቅ አያውቅም። ስለዚህ በ1916 ሊንገም በምትባል ቦታ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ትምህርቱ ከመተኮስ ይልቅ ማየትና መጠበቅ ላይ ያተኩር ነበር። መሣሪያውን እንደ ሕፃን መያዝ።

እዚያ ከሠሩት ሁሉ እኔን የሚገርመኝ የወረቀት ጭንቅላት ነው። ከወረቀትና ከሙጫ የሰው ጭንቅላት ይቀርጻሉ፣ ፊቱን ቀለም ይቀቡታል፣ ኮፍያ ያደርጉለታል። በእንጨት ላይ ሰክተው ከምሽጉ ግድግዳ ጋር በተመታ መንሸራተቻ ውስጥ ቀስ ብለው ከፍ ያደርጉታል። ለአንዳንዱ አፉ ውስጥ ሲጋራ ያደርጉና ከታች በጎማ ቱቦ ያጨሱለታል። ማዶ ያለው ተኳሽ ሰው መስሎት ይመታዋል። ጥይቱ ከፊት ገብቶ ከኋላ ይወጣል። አሁን ሁለት ቀዳዳ አለ። በሁለቱ ቀዳዳ መስመር በፔሪስኮፕ ሲመለከቱ ጥይቱ የመጣበት ቦታ ፊት ለፊት ይታያል። መስመሩን ራሱ ተኳሹ አስምሮ ሰጣቸው። የዚያን ቀን ወይም በማግሥቱ ያቺ ቦታ ላይ ምላሽ ይሄዳል።

ጋሻዎቹንም ሁለት አደረጉ። አንዱ ፊት፣ ሌላው ከኋላው ትንሽ ራቅ ብሎ ግራና ቀኝ የሚንሸራተት። የፊቱን ቀዳዳ ያገኘ ጥይት የኋላውን ብረት ይመታል እንጂ ሰውየውን አያገኘውም፤ በትክክል በመስመሩ ካልመጣ በቀር። የጀርመኖቹን ጋሻ ለመብሳት ደግሞ ዝሆን የሚታደንባቸው ትልልቅ ጠመንጃዎች መጡ። ከስኮትላንድ የመጡት የሎቫት ስካውት ሰዎች 20 ጊዜ የሚያጎላ ረጅም የእጅ መነጽር ይዘው ያያሉ፤ የሚተኩሰው ሌላ ነው። ተራራ ላይ ቀኑን ሙሉ አጋዘን ሲከታተሉ ያደጉ ሰዎች ስለሆኑ ማየት የሚባለውን ነገር ያውቁበታል።

በካናዳዎች በኩል ያለውን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሮስ የሚባል ጠመንጃ ነበራቸው። እጅግ ትክክለኛ ነው። ጭቃ ሲነካው ግን ይነክሳል፤ ማቀባበያው በቡጢም አይከፈትም። ተራው እግረኛ በ1916 ጣለው። አልሞ ተኳሾቹ ግን አልተዉትም፤ አንድ ጥይት ተኩሶ ረጅም ሰዓት ለሚጠብቅ፣ መሣሪያውን በየጊዜው ለሚወለውል ሰው ይመቸዋል። 378 ሰው በመጣል የተመዘገበለት የካናዳ ነባር ሕዝብ ከሆነው ከኦጂብዌ የተወለደው ፍራንሲስ ፔጋማጋቦ በሮስ ነበር የሚተኩሰው። አንዳንዶቹ ሮሶች ላይ የተሰቀለው መነጽር ዋርነርና ስዌዚ ነው። ይህ ኩባንያ ለሊክ የሥነ ፈለክ ማዕከል ግዙፉን ቴሌስኮፕ የሚሸከመውን ብረት የሠራ ነው። ሰማይ ላይ ኮከብ የሚከተል ማሽን ሠርቷል። የጠመንጃው መነጽር ግን አስቸገረ። አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ እሱም በግራ ጎን ነው፤ ማያያዣው ይላላል። ዓይን ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች ካልተጠጋው አያሳይም። ለዚህ ሲባል ከኋላው የጎማ ጽዋ ተደርጎለታል፤ ጠመንጃው ሲረግጥ ጎማው መጥቶ ቅንድብ ላይ ያርፋል። ከመተኮሱ በፊት ዓይኑን የሚጨፍን ተኳሽ ምንም ቢያጎላለት ምን ዋጋ አለው?

ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ ይህ ሁሉ ትምህርት መሆን ነበረበት። አልሆነም። በሰላሙ ዘመን መሣሪያውም ሙያውም ተረሳ፤ ብዙዎቹ ጦሮች እንደገና ከዜሮ ጀመሩ። ያው የክሊፕ ነገር እንኳ እንደገና መጣ። ጃፓኖች መነጽሩን በግራ ጎን አደረጉት፣ በክሊፕ ለመጉረስ። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ መነጽሮቻቸው ማስተካከያ ቁልፍ የላቸውም። ፋብሪካው አንዴ አስተካክሎ ቆልፎ ይልከዋል። ተኳሹ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ በልምድ አውቆ፣ በምልክቶቹ እየገመተ ያልማል። ሞኝነት ግን አይደለም። የማይዞር ቁልፍ አይላላም፤ ውኃም አያስገባም። የ6.5 ሚሊ ሜትሩ ጠመንጃቸው ዓይነት 97 ከረጅም አፈሙዙ ጋር ብልጭታውም ጭሱም ጥቂት ስለነበር በጫካ ውስጥ ከየት እንደሚተኮስ ማግኘት ከባድ ነበር።

ጀርመኖች ደግሞ ዜድኤፍ 41 የሚባል ትንሽ መነጽር አወጡ። ዓይን አጠገብ ሳይሆን ወደ ፊት ሩቅ ተደርጎ ካር98 በሚባለው ጠመንጃቸው ላይ ተሰቀለ። ምክንያቱን ገምታችኋል፤ ክሊፑ እንዲገባ ነው። 1.5 ጊዜ ያጎላል። ከ100,000 በላይ ተሠራ። መጀመሪያ የታሰበው ለስናይፐር ሳይሆን ከጓዶቹ ትንሽ ሻል ብሎ ለሚተኩስ ወታደር ነበር። ምሥራቅ ግንባር ላይ ግን የስናይፐር ሥራ ተሰጠው። ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ። የሚታየው ሜዳ ጠባብ፣ ጎህ ሲቀድ ጨለማ። እውነተኛዎቹ አልሞ ተኳሾች የፈለጉት 4 ጊዜ የሚያጎሉትን የዛይስ፣ የሄንሶልትና የአያክ መነጽሮች ነበር።

የአሜሪካኑ ጋራንድ ጠመንጃም በዚያው መንገድ አለፈ። ስምንት ጥይት በአንድ ላይ ከላይ ይጎርሳል፤ ስለዚህ መነጽሩ ወደ ግራ። ተኳሹ ጉንጩን የሚያስደግፍበት የቆዳ ትራስ ሰደፉ ላይ ይታሰርለታል።

ሶቪየቶች ሌላ መንገድ መረጡ። መነጽሩን መሀል ላይ አደረጉት፤ ክሊፑን ተዉት። አንድ አንድ ጥይት በጣት ይጎርሳል። አልሞ ተኳሽ የሚተኩሰው በቀን ስንት ጊዜ ነው? ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው፤ እነሱ ቀድመው ጠየቁት። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፒኢ የሚባለውን 4 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ከጀርመኖች ልምድ ወስደው ሞሲን በሚባለው ጠመንጃቸው ላይ ሰቀሉ። ፒኢ ከኋላው ምስሉን ማጥሪያ ቀለበት ነበረው። በዚያ ቀለበት እርጥበት እየገባ አስቸገረ። በሚቀጥለው ዓይነት ቀለበቱን አወጡት። ዓይኑ ደከም ያለ ሰው ተጎዳ፤ መነጽሩ ግን ደረቀ። ፒዩ የመጣው ለሌላ ጠመንጃ ነበር፤ ራሱ ለሚያቀባብለው ኤስቪቲ 40። ያ ጠመንጃ ጥይቶቹን የተፈለገውን ያህል አንድ ቦታ ላይ አልሰበሰበም። በ1942 የስናይፐሩ ዓይነት ሲቆም ፒዩ ወደ ድሮው ሞሲን ተመለሰ።

ይህን ፒዩ ቀረብ ብለን እንየው። ርዝመቱ 169 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከእስክሪብቶ ብዙም አይበልጥም። ክብደቱ 270 ግራም። ሁለት ቁልፍ ብቻ አለው። የላይኛው ርቀት ነው፤ ከ1 እስከ 13፣ መቶ መቶ ሜትር። የጎኑ ነፋስ ነው። ውስጡ ሹል ምሰሶና ግራ ቀኝ ሁለት አግድም መስመር። የሚያምረው ግን ማያያዣው ነው። ፊት በኩል ኳስ መሳይ ነገር ላይ ያርፋል፤ ኋላ ከላይና ከታች ሁለት ብሎን አለ። አንዱን ስታላሉ ሌላውን ስታጠብቁ ሙሉው መነጽር ከፍና ዝቅ ይላል። በእነዚያ ዘመን መነጽሮች ቁልፉን ስታዞሩ ምልክቱ ራሱ ከመሀል እየሸሸ ጥግ ይይዛል። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ጠጋኝ በካቻቪቴ ማያያዣውን ካስተካከለው ምልክቱ መሀል ላይ ይቀራል። ጦርነት ውስጥ ባለ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ግንባር ላይ የሚጠገን። ጉድለትም አለበት። ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ ጉንጭ ሰደፉን አያገኝም፤ ተኳሹ አገጩን ነው የሚያሳርፈው።

ሉድሚላ ፓቭሊቼንኮ ኦዴሳና ሴቫስቶፖል ላይ 309 ተመዝግቦላታል። ቫሲሊ ዛይትሴቭ ስታሊንግራድ ላይ 225። ጠመንጃው ዛሬ ቮልጎግራድ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ከአንድ ጀርመናዊ ሻለቃ ጋር ገጠመ የሚባለውን ታሪክ ትጠብቁ ይሆናል፤ የጀርመን መዝገብ ላይ የዚያ ሰው ዱካ ስላልተገኘ አልተርከውም። ከእነዚህ ስሞች ይልቅ ሞስኮ አቅራቢያ ፖዶልስክ የነበረው የሴቶች ትምህርት ቤት ውስጤን ይነካዋል። ከ1,000 በላይ ወጣት ሴቶች እዚያ አልሞ መተኮስ ተምረው ወደ ግንባር ሄደዋል። ያልተመለሱም አሉ።

እዚህ ላይ "መነጽር ሁሌም ይበልጣል" እንዳትሉ አንድ ሰው ላንሳ። ፊንላንዳዊው ሲሞ ሀይሃ። በ1939 እና 1940 የክረምቱ ጦርነት ኮላ ግንባር ላይ ከ500 በላይ ተመዝግቦለታል፤ በተራ የብረት ማነጣጠሪያ። ገበሬና አዳኝ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በመነጽር የሚያልም ሰው ጭንቅላቱን ትንሽ ከፍ ማድረግ አለበት፤ ያቺ ትንሽ ትገድላለች። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ሲደርስ መስታወቱን ውርጭ ይሸፍነዋል። ፀሐይ ሲመታው ያብለጨልጫል። ሀይሃ ትንፋሹ እንዳይተን አፉ ውስጥ በረዶ ይይዝ ነበር። የአፈሙዙ ንፋስ ዱቄቱን እንዳያስነሳ ፊት ለፊቱ ያለውን በረዶ ይጠቀጥቀዋል። መጋቢት 6 ቀን 1940 መንጋጋውን ተመታ፤ ተረፈ። በ96 ዓመቱ በ2002 አረፈ።

ውርጩን ካነሳሁ ስለ ውኃ ልናገር። የእነዚህ መነጽሮች ትልቁ ጠላት ጥይት አይደለም፤ ላብ ነው። ቱቦው ውስጥ ተራ አየር አለ፣ አየሩ ውስጥ እርጥበት አለ። ሲቀዘቅዝ ሌንሱን ከውስጥ ያልበዋል። ከውጭ ብትጠርጉት ጠብ አይልም። የአሜሪካ ጦር ኤም1903ኤ4 በሚባለው ጠመንጃ ላይ የሰቀለው ዊቨር ለተራ አዳኝ ተብሎ ኤል ፓሶ ቴክሳስ የሚሠራ ርካሽ መነጽር ነበር። ለቅዳሜ አደን ደህና ነው። ለሳምንት ዝናብ ግን አልተሠራም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ጠመንጃ የብረት ማነጣጠሪያ አልነበረውም። መነጽሩ ሲላብ ወታደሩ የሚያልምበት ነገር የለውም፤ እጁ ላይ የቀረው ዱላ ነው።

የአሜሪካ ማሪን ወታደሮች ዩነርትል የሚባለውን መረጡ። 8 ጊዜ ያጎላል፤ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ይህ መነጽር ጠመንጃው ላይ አልተቸነከረም፤ ሲተኮስ ቀለበቶቹ ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ርግጫው መስታወቱን እንዳይሰብር ነው። ተኳሹ ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ በእጁ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። አስቸጋሪ ይመስላል፤ ግን ሐሳቡን አከብረዋለሁ። አጥብቀህ ማሰር ካልቻልክ እየተንሸራተተ በትክክል ወደ ቦታው የሚመለስ አድርገው። ይኸው ዩነርትል ቬትናም ድረስ ሄዷል። የማሪኑ አልሞ ተኳሽ ካርሎስ ሀትኮክ በ1967 በከባድ መትረየስ ላይ አስሮት 2,286 ሜትር ላይ መትቷል፤ ያንን ርቀት እስከ 2002 ድረስ ማንም አልበለጠውም። በቬትናም ዝናብ ግን እንጨቱ ራሱ አበጠ። ሰደፉ እየተጣመመ አፈሙዙን ሲገፋው ጠመንጃው ከመስመር ይወጣል። ዛሬ የምታዩት ፋይበር ሰደፍ የመጣው ከዚያ መከራ ነው።

ስለ መስታወቱ አንድ ነገር ልጨምር። ያልተቀባ ሌንስ በእያንዳንዱ ፊቱ ላይ 4 በመቶ ገደማ ብርሃን ይመልሳል። አምስት ሌንስ ካለ አሥር ፊት አለ። ሒሳቡ ሲሠራ ከብርሃኑ አንድ ሦስተኛው መንገድ ላይ ይቀራል። በ1935 አሌክሳንደር ስማኩላ ዛይስ ውስጥ ሌንስን በስስ ሽፋን ቀብቶ ይህን ብክነት የሚቀንስ ዘዴ አገኘ። ጀርመኖች የጦር ምስጢር አደረጉት። አሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያለው የስልክ ካሜራ ላይ ያ ሽፋን አለ።

መጨረሻ ወደ እንጨቱ ልመለስ። ጠመንጃው የእንግሊዞቹ ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 ቲ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሲሞከሩ በደንብ የሰበሰቡት ተመርጠው ለንደን ወደሚገኘው ሆላንድና ሆላንድ ይላካሉ፤ ለመኳንንት የአደን ጠመንጃ የሚሠራ ቤት። ከ20,000 በላይ እዚያ ተለውጠዋል። ጉንጭ የሚያርፍበት እንጨት ተጨመረላቸው። መነጽሩ በስተመጨረሻ ከግራ ጎን ወጥቶ መሀል ላይ ወጣ፤ በሁለት ትልልቅ በእጅ የሚጠብቁ ብሎኖች ታሰረ። ከማያያዣው ጋር አንድ ኪሎ ገደማ ነው። በጉዞ ጊዜ ወልቆ ብረት ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ተመልሶ ሲታሰር ያው ቦታው ላይ ይቀመጣል።

መነጽሩ ራሱ፣ ቁጥር 32 የሚባለው፣ መጀመሪያ ለዚህ አልተሠራም። ለብሬን መትረየስ ነበር የታሰበው። ለመትረየስ ስለታሰበ ወፍራምና ከባድ ሆነ። ያዳነውም ያ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ቁልፉ በጣም ሻካራ ነበር፤ ለማስተካከልም ጣጣው ብዙ ነው። በሦስተኛው ዓይነት ተሻሻለ።

ጦርነቱ አለቀ፤ ጠመንጃዎቹ መጋዘን ገቡ። በ1970 እንደገና ወጡ። አዲስ አፈሙዝ ተገጠመላቸው፤ ጥይታቸው ወደ 7.62 ተቀየረ፤ ስማቸው ኤል42 ሆነ። መነጽሩ ግን ያው ነው። ቁልፉ ላይ ያርድ ጠፍቶ ሜትር ተጻፈበት፣ በቃ። በ1982 ፎክላንድ ደሴቶች ላይ እንግሊዛዊ ወታደር ያለመው በ1930ዎቹ ለመትረየስ በታሰበው በዚያ መስታወት ነው።

አሁን ሁለተኛውን ፎቶ ተመልከቱልኝ። ይህ የኤል42 ሰደፍ ነው፤ ያው ቀጭኑ ቦታ። የመጀመሪያው ቁጥር በመስመር ተሰርዟል። ከሥሩ ሌላ ቁጥር አለ፤ እሱም ተሰርዟል። ከሥሩ ሦስተኛ ተመትቷል። አንዱ መነጽር ተሰብሮ ይሆናል፣ ሌላው ውኃ ገብቶት፣ ወይም ጥይት አግኝቶት። በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ መሣሪያ ጠጋኝ አዲሱን መነጽር አምጥቶ ገጥሟል፣ ተኩሶ አስተካክሏል፣ ብሎኑን አጥብቋል። ከዚያ የብረት ፊደሎቹንና መዶሻውን አንስቶ አዲሱን ቁጥር እንጨቱ ላይ መትቷል።